ውርጭ ያደረበት ዘር

ጉንዳን የወረራት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ወንበር ላይ ተደላድዬ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም። የክትባት ሳጥን ይዤ ወደ ላይኞቹ መንደሮች ስወጣ ደግሞ ጭራሽ ይብስብኛል። ያን ቀን በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በየኩርባው ክዳኑን እየዳበስኩ፣ ሾፌሩን አንዴ «ትንሽ ቶሎ በል»፣ አንዴ «ቀስ በል፣ ልትደፋን ነው» እያልኩ አቃጠልኩት። በመጨረሻ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ ዘጋኝ።

ያስሮጠኝ ትክትክ ነው። ከሸለቆው ሥር ባለው መንደር አንድ ሕፃን በትክትክ ሞቷል፤ ሌላ አንድ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ላ ፓዝ ከተማ ሆስፒታል ተወስዷል። ሳል በሰው ትከሻ ተሳፍሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ሽቅብ ደግሞ ያለችው ቃላ ፓምፓ ናት። በቃላ ፓምፓ አንድም መርፌ ያልተወጉ አምስት ሕፃናት ነበሩ። ከሁሉም ታናሿ ኔሊዳ ናት፣ የእማማ ሳቱርኒና የልጅ ልጅ፣ ገና ሁለት ወሯ። እንዲህ ያለችውን ጨቅላ ትክትክ ከያዛት አየር መሳቢያ ፋታ አይሰጣትም። ይኼን ሳስብ ጋቢናው ይጠበኝ ነበር።

በዚያ ላይ አፍሬአለሁ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቻቸው ሁለቱንም አፍርሻለሁ። አንዴ በጤና ኬላችን መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ክትባት በሙሉ ተበላሸ፤ አንዴ ደግሞ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠ። እናቶቹ ግን ሁለቱንም ጊዜ ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ንፋስ ላይ ተቀምጠው ተመልሰዋል። የመንደሩ ሹም ዶን ፍሎሬንሲዮ በስልክ ያለኝ አይረሳኝም፦ «ሲስተር ኢርማ፣ ሦስተኛ ከዋሸሽን እኔም ከእንግዲህ ሰው አልጠራልሽም።»

ስደርስ መንደሩ ባዶ ነበር። የውርጭ ወር ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ሜዳው ላይ ድንች ይረግጣል። ድንቹ ገለባ ላይ ተሰጥቶ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ ቀን ፀሐይ ሲያላላው በባዶ እግር እየረገጡ ውሃውን ያወጡለታል። እንዲህ ሲደጋገም እንደ ጠጠር ደርቆ ቹኞ ይሆናል፣ ዓመታት ቢቀመጥም አይነቅዝ፣ አይሻግት። እኛ አገር ሰው ባንክ ገንዘብ ባይኖረውም ቹኞ ካለው ሀብታም ነው፤ ለዚህ ሲባል ጥሩ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ሙሽራ እንኳ ከሜዳው አይለይም።

«መጣሽ በመጨረሻ!» አለኝ ዶን ፍሎሬንሲዮ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ድንቹ መሃል እንደቆመ። «እኔ እኮ ባል አግብተሽ የቀረሽ መስሎኝ ነበር።»

«ባሉስ ይቅርብኝ። እናቶቹን ይጥሩልኝ፣ አሁኑኑ።»

«አሁኑኑ? ፀሐይዋ እኮ እየሄደች ነው። ኒየቬስ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ሌሎቹም በየሜዳው ተበትነዋል። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ እሰበስብልሻለሁ። እስከዚያ ነይ፣ የኮካ ቅጠል አኝኪና ረጋ በይ።»

«ኧረ ኮካ እንዳትሰጧት!» ብላ ጮኸች አንዷ ሴትዮ። «እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት!»

ሜዳው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከአንገት በላይ።

ያረፍኩት እማማ ሳቱርኒና ቤት ነው። ልጃቸው ማዕድን ቆፋሪ ሆኖ ርቆ ስለሄደ፣ ቤቱ ውስጥ እሳቸው፣ ምራታቸው ባሲሊያና ኔሊዳ ብቻ ናቸው። እማማ አጭር፣ ደልዳላ፣ ሲናገሩ ሰው ማዘዝ የለመዱ ሴት ናቸው። ድንች ዘር የሚመርጥ ሰው ከቸገረው የሚጠራው እሳቸውን ነው፤ ውርጭ ዛሬ ይጥል እንደሆነ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ሳጥኑን ከምድጃው አርቄ ጥግ ላይ አስቀምጬ በብርድ ልብስ ስጠቀልለው ቆመው አዩኝ።

«ምን ይበላል?» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሳጥኑ እያመለከቱ።

«ብርድ ነው የሚበላው፣ እማማ። ሙቀት ካገኘው ይሞታል። እንዳይነኩት አደራ።»

ግማሹን ነገርኳቸው፣ ግማሹን ዋጥኩት። ቸኩዬ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፣ ኔሊዳ ደግሞ እያለቀሰች ነበር። የቀረውን ግማሽ ለመናገር ሁለት ትንፋሽ አይፈጅብኝም ነበር። ያቀረቡልኝን ሾርባ ጠጥቼ፣ ኔሊዳን ታቅፌ ደረቷን በጆሮዬ አዳመጥኩ። ንጹሕ ነው። ባሲሊያ ከፊቴ ሳትነቃነቅ ታየኛለች።

«ነገ ከተወጋች አይዛትም አይደል?» አለችኝ።

«ነገ እንጀምርላታለን» አልኳት። ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ጣለኝ፣ እኔን የማይነካኝ እንቅልፍ።

ጎሕ ሲቀድ ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ብርድ ልብሱ ተገልጧል። ክዳኑን ከፈትኩት፤ የበረዶ ጥቅሎቹ አሉ፣ ቴርሞሜትሩ አለ፣ ክትባቱ የለም። በዚህ መሃል እማማ ሳቱርኒና እጃቸው በብርድ ቀልቶ፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«ደረስኩለት!» አሉኝ። «አንቺ ደክሞሽ ሞተሽ ነው ያደርሽው። እኔ ውርጩን ለማየት ብነሳ ሳጥንሽ አሳሰበኝ። ከፍቼ ባየው በረዶሽ ላብ አልቦታል! አንስቼ ብነቀንቀው ውስጡ ውሃ ሆኖ ይንቦጫቦጫል! አሁንስ ሊሞት ነው ብዬ፣ መድኃኒቱን አውጥቼ ከቹኞዬ ጎን ደረደርኩልሽ። ከምርጡ ቦታ፣ ውርጭ አጥብቆ ከሚይዝበት። ሂጂ ንኪው፤ ድንጋይ ሆኖልሻል!»

በባዶ እግሬ ወጣሁ። ብልቃጦቹ ገለባው ላይ፣ ከድንቹ ጎን፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ በጥንቃቄ ተደርድረዋል። ለእንግዳ እንደሚቀርብ ነገር አሳምረዋቸዋል። አንዱን አነሳሁ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ በረዶ።

ያ ላብ ነበር እኮ ደኅንነቱ። በረዶው ከፍሪዘር እንደወጣ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ላብ እስኪያልበውና ሲነቀነቅ ውሃው እስኪሰማ ይጠበቃል፣ አለበለዚያ ክትባቱን አቀዝቅዞ ይገድለዋል። ይኼኛው ክትባት ሙቀትን ትንሽ ይታገሣል፤ ውርጭን ግን ለአንድ ሌሊት እንኳ አይችልም።

«ገደሉት፣ እማማ!» ብዬ ጮኽኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። «ገደሉብኝ! አይንኩት አላልኩም?»

ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል። «ማን? እኔ?» አሉ ቀስ ብለው። «ብርድ ይበላል ብለሽ? ልጄ፣ ውርጭ የገደለው ነገር አላውቅም። ድንቹን ያቆየልን እሱ ነው። ቋንታውን ያደረቀልን እሱ ነው። እናቴም እኔም በሱ ነው የኖርነው።»

ጥፋቱ ከማን እንደሆነ እያወቅሁ መጮኼ ራሴን አስጠላኝ። ብልቃጦቹን ሰብስቤ ወደ ቤት ስገባ ከሜዳው ማዶ የዶን ፍሎሬንሲዮ ቀንደ መለከት ተነፋ። እናቶቹን እየጠራ ነው። ቃሉን ጠበቀ፤ ማፍረስ የእኔ ሥራ ነው መቼም።

ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ብልቃጦቹ በእጄ ሙቀት እየቀለጡ ነበር። ሲቀልጡ ደግሞ ጉዳቸው፦ እንደ ድሮው ወተት መሰሉ። ማንም አይለያቸውም። ብወጋ አምስት ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ እናቶቻቸው ይመርቁኛል፣ እማማ ሳቱርኒና መድኃኒት ያተረፉ ተብለው ይወደሳሉ፣ እኔም በሰላም እወርዳለሁ። አልዋሽም፣ ሐሳቡ መጣብኝ። ያስደነገጠኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ትክትኩ ሲደርስ ባሲሊያ «ልጄ ተከትባለች» ብላ ተረጋግታ ቤቷ ትቀመጣለች። እየታፈነች ያለችውን ልጅ ይዛ አትሮጥም።

ሳጥኑን በንዴት ገለበጥኩት። ከታች፣ ብልቃጦቹ ከሚሰኩበት ስፖንጅ ሥር አንድ ብልቃጥ ተንከባሎ ወጣ። እማማ በጨለማ ሲያወጡ አምልጧቸዋል። በላቡ በረዶ መሃል ያደረ፣ ደኅና፣ አንድ ብልቃጥ። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው።

«ይምጡ እስቲ» አልኳቸው። ውርጭ ያደረበትንና ደኅነኛውን በሁለት እጄ ይዤ እኩል ነቀነቅሁና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። «ዝም ብለው ይዩ።»

መጠበቅ ለእኔ ቅጣት ነው፤ ጣቶቼን ስቆረጥም ቆየሁ። እማማ አጎንብሰው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ቀስ በቀስ ውርጭ ያደረበት ውስጥ ነጩ ነገር እየተቆራረሰ ወደ ታች ወረደ፣ ላዩ ጥርት ያለ ውሃ ሆነ። ደኅነኛው አሁንም ወተት ነው።

«ነፍሱ ወጣች» አሉ።

«አዎ፣ እማማ። ቢወጉት መርፌ ነው እንጂ ክትባት አይደለም።»

ቀና ሲሉ ያረጁ መሰለኝ። አሳዘኑኝ። «ለእናቶቹ መንገድ ላይ ተበላሸ እላቸዋለሁ» አልኩ። «የእርስዎ ስም አይነሳም።»

«ዝም በይ» አሉኝ። «መንገዱ ምን አደረገሽ? እኔ እናገራለሁ።»

እናቶቹ ከቤቱ ፊት ተቀምጠው ነበር። ዶን ፍሎሬንሲዮ ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግር ሊጀምር ሲል እማማ በእጃቸው አስቆሙት። ሁለቱን ብልቃጦች ከፍ አድርገው ያዙ።

«ስሙኝ። ቹኞ ይበላል። ቹኞ ዓመት ይቆያል። ግን ከእናንተ መሃል ቹኞ ዘርቶ ድንች ያበቀለ አለ?»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። «ምን ነካቸው ዛሬ?» አለች ከኋላ ያለችው። «ውርጭ የመታው ምን ይበቅላል?»

«አይበቅልም። ይኼ መድኃኒት ለልጆቻችሁ ገላ ዘር ነበር። እኔ ያቆይልናል ብዬ ውርጭ ላይ አሳደርኩት። ቹኞ አደረግሁት። ሲስተር አይደለችም፣ መኪናውም አይደለም። እኔ ነኝ።»

በዚያ መንደር ዘር የሚመረጠው በእሳቸው እጅ ነው፤ ያን ቃል ማውጣት ምን እንዳስከፈላቸው የማያውቅ አልነበረም። እኔ በጤና ኬላ ግድግዳ ሥዕል ሳስረዳ ዓመታት ፈጅቼ ያልገባቸው ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ከዚያ በኋላ ነው ኒየቬስ የተነሳችው፣ ከወንዙ ማዶ የመጣችው። ልጇን አዝላ፣ ዓይኗ አብጦ።

«ያ ነጩ አንዱ ተርፏል ማለት ነው። ለማን ነው?»

ሁሉም ወደ ኔሊዳ ዞሩ። እኔው ነኝ ስንት ጊዜ «ታናሹ ይቀድማል» እያልኩ የሰበክኋቸው። ባሲሊያ ነገሩን ሳትጠብቅ የልጇን መጠቅለያ መፍታት ጀምራ ነበር። ትንሿ ጭን ብቅ አለች። እማማ ሳቱርኒና መዳፋቸውን ጣል አድርገው ሸፈኗት።

«ከእኛ ቤት አይሆንም።»

«እማማ፣ ልጄ ናት!»

«የእኔስ ማን ናት? የሰውን ሁሉ ዘር ገድዬ የተረፈውን ለራሴ ቤት ባደርገው፣ ነገ ማን ልጁን ይዞ ወደዚህ ይመጣል? ኒየቬስ ከቀብር ነው የመጣችው። የሞተው የእህቷ ልጅ ነው፤ ይኼ ልጅ ሳሉ ካለበት ቤት ሰንብቷል። ለሱ ይሁን።»

ባሲሊያ ወደ እኔ አየች። መርፌው በእጄ ነው፤ የምወስነው እኔ ነኝ። እማማ ያሉት እውነት ነው፤ የኒየቬስ ልጅ ለሳሉ ከሁሉም ቀርቧል። ለኔሊዳ ብሰጥ ደግሞ ሌሎቹ ተቀይመው ተበትነው ዳግም አይሰበሰቡም። አውቄው ነው ያደረግሁት፣ ግን ባሲሊያን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የኒየቬስን ልጅ ወጋሁት። ባሲሊያ ኔሊዳን መልሳ ጠቅልላ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ማንም አይበተን» አሉ እማማ። «ትመጣለች።»

ዶን ፍሎሬንሲዮ ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። ቁልቁል ስንወርድ ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ይነዳው ነበር፤ «ቶሎ በል» አላልኩትም፣ እሱ ራሱ ይበር ነበር። ጤና ኬላ ደርሰን አዲስ ክትባት ተሰጠኝ፤ ከፍሪዘር የወጡትን የበረዶ ጥቅሎች ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ላብ እስኪያልባቸው መጠበቅ ነው እንግዲህ። ከሁሉ የከፋው ይኼ ነበር። እያንዳንዱን አንስቼ ከጆሮዬ አጠገብ እነቀንቃለሁ፤ ምንም የለም። ጠረጴዛውን እዞራለሁ፤ አሁንም የለም።

«በደረቁ ክተቺውና እንሂድ፣ መሽቶብናል» አለኝ ዶን ፍሎሬንሲዮ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩት።

«ይኼን አንቺ ነሽ የምትይኝ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። መንገዱ በጨለማ ገደል ስለሆነ እዚያው አደርንና በማግስቱ ወጣን።

ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ሞተሩን ሊያቀዝቅዝ አጠፋው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰማሁት። ሳል ነው። ደረቅ፣ የተያያዘ፣ ማብቂያ የሌለው። ሳጥኑን አቅፌ ሮጥኩ። ባሲሊያ ኔሊዳን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልጅቷን ነጠቅሁና ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ንጹሕ ነው። ደግሜ አዳመጥኩ። ንጹሕ ነው።

«ታዲያ ማን ነው የሚያስለው?»

ባሲሊያ በአገጯ ወደ ሜዳው አመለከተች። ከድንቹ አጠገብ ቹኞ ጠባቂ የሚያድርባት የገለባ ጎጆ አለች፣ አንድ ሰው ተኮራምቶ የሚገባባት።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጉሮሯቸውን ከረከራቸው» አለች። «እሑድ ሸለቆ ገበያ ወርደው ነበር፣ ከዚያ ይዘውት ይሆናል። ብርድም ይሁን ትክትክ አላውቅም፣ ልጅቷ ያለችበት ቤት ውስጥ አላስልም ብለው ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ወጡ። በሩን ዝጊ አሉኝ።» ዓይኗን ከጎጆዋ መለሰች። «እኔም ዘጋሁት። ተናድጄ ነበር፣ ሲስተር። ይመለሱ አላልኳቸውም። ውርጩ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ሰማኋቸው፤ አልወጣሁም።»

መጀመሪያ ሕፃናቱን ወጋሁ። አንዲት እናት አልጎደለችም። እማማ ከጎጆአቸው ሆነው ሲጠብቋቸው እንደዋሉ እናቶቹ ነገሩኝ፤ አንዷ ልትሄድ ብድግ ስትል «ቁጭ በይ! ድንችሽ አይሸሽም!» እያሉ ይጮሁባት ነበር አሉ። ኔሊዳ የመጨረሻዋ ሆነች። መርፌው ሲነካት ጩኸቷ መንደሩን ቀወጠው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሙሉ ሳንባ ይፈልጋል፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ጎጆዋ ሮጥኩ።

«እዚያው ቁሚ!» አሉኝ ከውስጥ። ድምፃቸው ሻክሯል። «አትቅረቢ!»

«እማማ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ምንም አልሆንም።»

«ከዚህ ሄደሽ ነገ የማንን ሕፃን ልትይዢ ነው? እዚያው!»

ቆምኩ። አፌን በሻሽ ሸፍኜ ድንጋይ ላይ እንክብል አስቀመጥኩላቸውና አወሳሰዱን ነገርኳቸው። ከምግብ ጋር፣ ሳያቋርጡ፣ ቢሻላቸውም እስኪያልቅ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው ዶን ፍሎሬንሲዮ እንዲያወርዳቸው። በዚህኛው ጊዜ ግማሹን አልዋጥኩም። ባሲሊያ ወፍራሙን ብርድ ልብስና የሚጨስ ሾርባ ይዛ ከኋላዬ መጣች። ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ወደኋላ ሸሸች።

«እማማ» አለች። «ሳይበርድ ይጠጡት። ማታ እሳት አነድልዎታለሁ፣ ከበራፉ ላይ።»

ከውስጥ ሳል መጣ፣ ረጅም ሳል። እስኪያልቅ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።

«አለቀሰች?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰምተዋት የለም? ላ ፓዝ ድረስ ተሰምታለች።»

ሳቁ፤ ሳቁ መልሶ ወደ ሳል ወሰዳቸው። «ታዲያ በቀለ?»

ልዋሽላቸው ፈለግሁ። አልቻልኩም። «ገና ዛሬ ተዘራ፣ እማማ። ለመብቀል ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሁለት ጊዜም ይደገማል። እስከዚያ ከሳል መጠበቅ አለባት።»

እጃቸው ከጎጆዋ ወጥቶ ብርድ ልብሱን ጎተተው።

«እንግዲያው እዚሁ ነኝ» አሉ። «አታስቡ። ውርጭ ያደረባት አሮጊት አትበላሽም።»

ባሲሊያ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ወደ ሸለቆው የሚወርደው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋ ነበር፣ እኔን እየጠራ። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። መኪናው ነፍቶ ነፍቶ ሄደ።